ስድሳ ጠርሙስ ዘይትና አንድ ፋኖስ

ሃሊሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸጥ ስትገዛ ኖራ፣ ሸጣ የተጸጸተችው አንድ ቀን ብቻ ነው። የሸጠችውም ስሱ ጨርቅ ሽቲ አይደለም፣ ቀሚሱ ዲሪዓም አይደለም። እጅ የማይዳስሰው፣ ሚዛን የማያነሣው፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚነድ ሰይፍ ነው።

እናንተዬ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። ድሬ፣ መጋላ ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ገባ ብሎ የሃሊሞ ግቢ አለ። መሐሉ ላይ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል። በዚያች ክፍል የልጅ ልጇ ፋርሂያ፣ አጎቷ ከጅቡቲ የላከላትን አሮጌ ኮምፒውተር ተክላለች። ያለው አንድ ቬንትሌተር ነው፤ እሱም የሚነፋው ለኮምፒውተሩ ነው። ሰው ላቡን በእጁ ይጥረግ!

ሰባት ወር ሙሉ ሦስት ልጆች እዚያች ክፍል ይሰበሰባሉ። አንዷ ፋርሂያ ናት። ሁለተኛው ነህምያ፣ የሃሊሞ የልብ ወዳጅ የቦጋለች የልጅ ልጅ። ሦስተኛው ጦልሃ ነው፤ የአባቱን ባጃጅ በፈረቃ የሚነዳ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ። ሦስቱም አሥራ ስምንትን ያለፉ ናቸው፤ ከዚያ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ግን ሰባት ዓመት ይሆናቸዋል።

የሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ ነው። አራት ሰዎች ጓድ ሆነው ተራራ ይወጣሉ፣ ዋሻ ይገባሉ፣ ዕቃ ይሰበስባሉ፣ ጭራቅ ይገጥማሉ። ውጊያው ተራ በተራ ነው፤ አራቱ አንዳንድ ነገር ያደርጋሉ፣ ከዚያ ተራው የጠላት ይሆናል። ፋርሂያ መሪ ናት፤ ጋሻ ይዛ ፊት ትቆማለች። ነህምያ ድግምተኛ ነው፤ የሚያውቀው የበረዶ ድግምት ነው፣ ጠላትን እንደ ድንጋይ አድርቆ ያቆማል። ጦልሃ ቀስተኛ ነው። አራተኛዋ ፈዋሽ ናት፤ ቁስል የምታክም፣ የወደቀ የምታነሣ። ፈዋሽ ልሁን የሚል ስለጠፋ ሦስቱ በየተራ ያዟታል። ስሟንም ሃሊሞ አሏት።

ሃሊሞ ይህን የሰማች ቀን ሰምቡሳ የያዘውን ሳህን መሬት አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

«እኔን ደግሞ ምን አድርጋችሁ ነው ያስገባችሁኝ?»

«ሐኪማችን ነሽ፣ አዬዮ» አለች ፋርሂያ። አያቷን በሶማሊኛ አዬዮ ነው የምትላት። «እየተቆጣሽ መድኃኒት ትሰጪናለሽ። ልክ እንደ ቤቱ።»

«ድግምትስ ትሠራለች?»

«በጥቂቱ።»

«አስተግፊሩላህ! ስሜን አውጡልኝ።»

«እሺ፣ መድኃኒት ብቻ ትስጥ።»

ሃሊሞ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የምስሏ ሃሊሞ ፀጉሯን ለቃ በበረዶ መሐል ቆማለች። «እሱ ይሁን» አለች። «ግን ፀጉሯን ሸፍኑላት። ብርዱም አለ።» ልጆቹ በዚያኑ ቀን የሱፍ ቆብ ገዝተው አደረጉላት።

የጨዋታው ሕግ ግን ክፉ ነው። የተደረገ አይመለስም። ኮምፒውተሩ ሁሉን በራሱ ይመዘግባል፤ አራቱም ከሞቱ የሰባት ወር ልፋት እንዳለ ይጠፋል። የቀራቸው አንድ ጠላት ነው፣ ከተራራው ጫፍ የተኛው የበረዶ ዘንዶ። አንድ ጊዜ ገጥመውት ሞት አፋፍ ደርሰው ሸሽተዋል። እና ጊዜም የለም። የነህምያ አባት ከድሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ሐዋሳ ሥራ ቀይሯል፤ ቤተሰቡ እሁድ ማለዳ ይሄዳል፤ ቦጋለችም አብራ ትሄዳለች። ፋርሂያ እንቅልፍ ያጣችው ለዚህ ነው። ጓዱ ሳይበተን ያን ዘንዶ መጣል አለበት፤ ከእሁድ በኋላ ማን ከማን ጋር ይጫወታል?

ዓርብ ከሰዓት እናቷ ደውላ ወደ ቀፊራ ገበያ ላከቻት። ልጅቱ አያቷን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«አዬዮ፣ ይሄ ኮምፒውተር ከተኛ አይነቃም። ማውሱን አልፎ አልፎ ነቅነቅ አድርጊው። ሌላ ምንም እንዳትነኪ።»

«ምን እነካለሁ? ሂጂ።»

ወላሂ፣ መንካት አላሰበችም። ግን ስክሪኑ ላይ የነበረው ማን መሰላችሁ? ነጋዴ! ጢሙን ያበጠረ፣ ግመል የጫነ፣ ዕቃውን ምንጣፍ ላይ የዘረጋ ነጋዴ። ከጎኑ የልጆቹ ቦርሳ ተከፍቶ ይታያል። ከታች ደግሞ የዋጋ መከራከሪያ ሚዛን አለ፤ ወደ ራስ ሲጎትቱት ነጋዴው ይኮሳተራል፣ ሲለቁለት ፈገግ ይላል። ነጋዴ ፊት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ለሃሊሞ ከጾም ይከብዳል።

ቦርሳውን አየች። አንድ ሰይፍ፣ ዳር እስከ ዳር እሳት የሚነድበት። ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ተቀምጦ አይታዋለች፤ አንድ ቀን ሲነሣ አላየችም። «ያልተነሣ ዕቃ የሞተ ዕቃ ነው» አለች ለራሷ። «ደግሞስ በዚህ ሙቀት የሚነድ ሰይፍ ማን ይሸከማል?»

ሚዛኑን ሳብ አደረገች። ነጋዴው ኮስተር አለ። ጠበቀች። ለቀቅ አደረገች፤ ፊቱ ሲፈታ መልሳ ሳበች። ወይ ሃሊሞ! ሦስቱ ልጆች በሰባት ወር አግኝተው የማያውቁትን ዋጋ አገኘች። ገንዘቡን ምን ታድርገው? ጥግ ላይ ዘይት በጠርሙስ አለ፤ ብዛት ሲወስዱ ዋጋው ይወርዳል። የጅምላ ነጋዴ ናትና ስድሳውንም ጠቀለለች። መጨረሻ ላይ እጇ አልመለስ አለ። ምራቂ ሳትቀበል ገዝታ አታውቅም። አንዲት ትንሽ ፋኖስ በነፃው በኩል አስገብታ ሚዛኑን ነካ አደረገች። ነጋዴው ራሱን ነቀነቀና ሰጣት። ከዚያ እንደ ጨዋ ደንበኛ በሩን ጠቅ አድርጋ ወጣች። ነጋዴው ግመሉን ጭኖ ሄደ።

ፋርሂያ ስትመለስ አያቷ በኩራት ታበራለች። «ነይ እዪ! ዕቃሽን ሸጥኩልሽ!»

ልጅቱ አየች። አልጮኸችም፤ መጮኹ ይሻል ነበር። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«አዬዮ፣ የዘንዶው ጥሩር በረዶ ነው» አለች ከሻሹ ሥር። «የሚያቀልጠው ያ ሰይፍ ብቻ ነበር። እጅ ስለሚያቃጥል ነው ለመጨረሻው ቀን ያስቀመጥነው። ነጋዴው አይመለስም። ነህምያም እሁድ ይሄዳል።»

ሃሊሞ ያን ምሽት እራቷን አልበላችም።

ቅዳሜ ጧት ግን ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ደረቁን ወንዝ ተሻግራ ቦጋለች ቤት ደረሰች። ቦጋለች በካርቶንና በገመድ ተከባ፣ ድስት በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

«ቦጌ፣ ተነሺ። ጥፋት ሠርቻለሁ።»

ቦጋለች ነገሩን ሰምታ እስክታነባ ሳቀች። «ለማን ሸጥሽው? ለሥዕል?»

«ሳቂ አንቺ። ልጆቹ እያለቀሱ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች እንዴት እንደተዋወቁ ድሬ ያውቃል። በድሮው ባቡር ዘመን ከደወሌ እስከ ሽንሌ የኮንትሮባንድ ጨርቅና ሽቶ ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው። ፊናንስ የሚባለው ፈታሽ በየጣቢያው ይወጣል፤ እነሱም አምስት ቀሚስ ይደርባሉ፤ ቀጭኗ ሃሊሞ እንደ በርሜል ሆና ታልፈዋለች። ያ ሁሉ አልፎ ዛሬ ሃሊሞ ሱቅ ይዛ ግብሯን ትከፍላለች፤ ግን ጥበቡ ከእጅ አይወጣም።

ሁለቱ አሮጊቶች ክፍሏ ሲገቡ ሦስቱ ልጆች እንደ ለቀስተኛ ተቀምጠዋል።

«ዋርያ፣ የዘይቷ ነጋዴ መጣች!» አለ ጦልሃ። «ፋኖስም አለን ጎበዝ፣ መብራት ሲጠፋ እናበራለን።»

«አፍህን ያዝ» አለች ሃሊሞ። «ባለፈው ስትገጥሙት እንዴት ነበር የቆማችሁት? አሳዩን።»

ነህምያ በጠመኔ መሬት ላይ ሣለ። አራቱ ተጠጋግተው ቆመው ነበር። ዘንዶው ትንፋሹን በቀጥታ መስመር ይለቃል፤ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ አራቱንም አደረቃቸው። ከዚያ ፈዋሿን ነከሳት። ወደቀች። መድኃኒቱ ሁሉ በእሷ ቦርሳ ስለነበር ሊያነሣት የቻለ አልነበረም፤ ተጎትታ ነው የወጣችው።

ሃሊሞና ቦጋለች ተያዩ።

«ሁሉ መድኃኒት በኔ ቦርሳ?» አለች ሃሊሞ።

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ እኮ» አለ ነህምያ።

«አንተ ልጅ፣ የኔን ደም ይዘህ!» አለችው ቦጋለች። «ሁሉን ጨርቅ ለአንዲት ሴት ያስያዘ ማነው? እሷ ስትያዝ ሁሉም ባዶ እጁን ሊገባ? እኛ አራት ሴቶች ሆነን፣ ጨርቁን ተካፍለን በአራት ፉርጎ ነበር የምንቀመጥ። አንዷ ብትያዝ ሦስቱ ያልፋሉ።»

ፋርሂያ ቀና አለች። ከትላንት ጀምሮ ዓይኗ ሲበራ የመጀመሪያው ነበር። «አራት ቦታ፣ በየማዕዘኑ ከቆምን ትንፋሹ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው!»

«ማንን እንደሚያገኝ ደግሞ እናንተ ምረጡለት» አለች ሃሊሞ። «ቦጌ፣ ዶሮዋን ንገሪያቸው።»

ቦጋለች ጉሮሮዋን ጠረገች። ፈታሹ ፉርጎ ሲገባ የእሷ ሥራ መጮህ ነበር። «ዶሮዬን! ዶሮዬን ሰረቁኝ!» ትላለች። ፈታሹ፣ ተሳፋሪው፣ ትኬት ቆራጩ ሳይቀር ይከባታል። ዶሮ የሚባል ነገር የለም። በዚያ መሐል ሃሊሞ በሌላው በር ትወርዳለች።

«አቦ!» አለ ጦልሃ። «ፋርሂያ፣ ያቺ ማስቆጣት የምትባለው ችሎታሽ!»

ነበረቻት። ጋሻ ያዥ ጮኻ ጠላትን ወደ ራሷ የምትጠራበት ችሎታ። ስለማትጎዳው አንድ ቀን ተጠቅማባት አታውቅም፤ ለመሰደብ ብቻ የተሠራች ነበር የመሰላት።

«እሳቱስ?» አለ ነህምያ። «ሰይፉ የለም። እኔ የማውቀው በረዶ ነው፤ በረዶን በበረዶ?» ከዚያ ራሱን አከከ። «አንዲት የእሳት ድግምት አለችኝ። ክብሪት የምትባል፣ ከመጀመሪያው ቀን። ሻማ ነው የምታበራው። ደግሞ ኃይሌን እጥፍ ትበላለች።»

ሃሊሞ ዝም ብላ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። ስድሳ ጠርሙስ ዘይት።

ጦልሃ ቀድሞ ገባው፤ ፊቱ ጠቆረ። «አይሆንም። ስድሳውን ማን ይሸከማል?»

«ጉልበት ያለው» አለች ፋርሂያ እየሳቀች። «ቀስቱን አስቀምጥ።»

«ሰባት ወር ቀስተኛ ነበርኩ፤ በአንድ ቀን ዘይት ቸርቻሪ አደረጋችሁኝ!» ግን እየሳቀ ቀስቱን አስቀመጠ።

መድኃኒቱን ለአራት ከፈሉ። ዘይቱን አብዛኛውን ለጦልሃ፣ የተረፈውን ለፋርሂያና ለነህምያ። ዕቃ ሁሉ ሲደለደል ፋኖሷ ለማንም ሳትሰጥ ከፈዋሿ ቦርሳ ሥር ቀረች፤ ማን ይያዛት ብሎ የጠየቀም የለም። ነህምያ መጥቶ ድስት ይጠቅልል ተብሎ ከቤት ተደወለ፤ ቦጋለች ስልኩን ተቀብላ «ሥራ ላይ ነን» ብላ ዘጋችው። በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ የመጋላን ቆርቆሮ በምትጠብስበት ሰዓት፣ አምስቱ ላባቸው እየተንጠባጠበ ወደ በረዶው ዋሻ ገቡ።

ዘንዶው ተነሣ። አራቱ ወደ አራት ማዕዘን ተበተኑ።

«ጩኺ!» አለች ቦጋለች።

ፋርሂያ ማስቆጣትን ጠቅ አደረገች። ዘንዶው ጦልሃን ሊነክስ ዞሮ የነበረውን አንገቱን ወደ እሷ መለሰ። ቦጋለች ግን በቃ አላለችም፤ «ዶሮዬን! ዶሮዬን!» ብላ ከልቧ ትጮኻለች፣ ጎረቤት በግንብ ላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። ጦልሃ ዘይት ወረወረ። አሁንም ወረወረ። የዘንዶው ጀርባ ጠቁሮ አብረቀረቀ።

«ክብሪት!» አለ ነህምያ። ያቺ የሻማ ድግምት፣ ሲንቋት የኖሩት፣ ዘይቱ ላይ ስታርፍ ዋሻው ቀይ ሆነ። ጥሩሩ ስንጥቅ አለ።

«አልሐምዱሊላህ! ድገም!» ሃሊሞ ወንበሩን ትደበድባለች። የፈዋሿን ተራ ለእሷ ሰጧት፤ በየተራዋ ለፋርሂያ መድኃኒት ታጠጣለች፣ «ዋጪ፣ ምሬቱን ቻይው» እያለች።

ዘይት፣ ክብሪት። ዘይት፣ ክብሪት። አራት ጊዜ ነደደ። በአምስተኛው ዘንዶው በጅራቱ ፋርሂያን መታና ጣላት፤ ፈዋሿን ሃሊሞንም በረዶ አደረቃት፣ ልትነቃነቅ አልቻለችም። ባለፈው እዚህ ላይ ነበር ያለቀላቸው። አሁን ግን ጦልሃ ቦርሳውን ከፈተ፤ የእሱ ድርሻ መድኃኒት አለ። ፋርሂያን አነሣት። ቦጋለች ነህምያን ጀርባውን በጥፊ አለችው፤ «አየህ? አራት ፉርጎ!»

የዘንዶው ነፍስ ከላይ በቀይ መስመር ይታያል፤ የፀጉር ያህል ቀርታለች። ጦልሃ የመጨረሻዎቹን ጠርሙሶች አፈሰሰበት። ሁሉም ወደ ነህምያ ዞሩ።

ነህምያ ማውሱን ይዞ ደርቋል። «ኃይሌ አለቀ» አለ።

ቬንትሌተሩ ብቻ ይጮኻል። ዘንዶው በዘይት ተነክሮ ቆሟል፤ እሳት የለም። በሚቀጥለው ትንፋሹ ፋርሂያ ትወድቃለች፣ መድኃኒቱም ከአራቱም ቦርሳ አልቋል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። የቀረው ተራ የፈዋሿ ነው፤ በረዶው አሁን ለቋታል። ባዶ እጇን ምን ታደርጋለች?

«በቃ» አለች ፋርሂያ። «ይሁን። አብረን ነው የሞትነው።»

«ማነው የሞተው?» አለች ሃሊሞ። «ቦርሳዬን ክፈቺልኝ።»

«አዬዮ፣ መድኃኒት አልቋል።»

«መድኃኒት አልኩ? ምራቂዬስ?»

ፋርሂያ ቦርሳውን ከፈተች። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ያቺ ፋኖስ።

ጦልሃ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ነህምያ ከወንበሩ ተነሣ። ሃሊሞ ማውሱን እንደ እንቁላል ይዛ ፋኖሷን ጠቅ አደረገች፣ ወደ ዘንዶው ጎተተች፣ «ቢስሚላህ» ብላ ለቀቀቻት። የሱፍ ቆብ ያደረገችው ትንሿ ሴትዮ እጇን አነሣች፤ ፋኖሷ በአየር ላይ ተሽከረከረች፤ መስታወቷ ተሰበረ።

ዘንዶው ከራስ እስከ ጅራቱ ነደደ። ከዚያ ቀለጠ። ያን የሚያህል ተራራ ውኃ ሆኖ በዋሻው በር ወረደ።

በዚያች ክፍል የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም። ጦልሃ ቬንትሌተሩን አቅፎ ጨፈረ። ቦጋለች እልል ስትል ከግንቡ ማዶ ያለችው ጎረቤት ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልልታውን ተቀበለቻት። ሃሊሞ ፋርሂያን ደረቷ ላይ አጣብቃ «ሰይፍሽን ከፈልኩሽ?» ትላለች፤ ልጅቱ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ አፍንጫዋን በአያቷ ልብስ ትጠርጋለች።

ስክሪኑ ላይ አንድ ድንጋይ ወጣ። የአራቱ ስም ተጽፎበታል፤ ሃሊሞም አለች። ከላይ የጓዱን ስም ጻፉ ይላል።

«እኔስ?» አለች ቦጋለች። «ጉሮሮዬ የደረቀው በከንቱ ነው?»

ጦልሃ ኪቦርዱን ሳበ፤ ጻፈበት። የቦጌ ዶሮ። እስከ ዛሬ እዚያ ድንጋይ ላይ ተጽፎ አለ።

እሁድ ማለዳ መናኸሪያ ሄዱ። አውቶቡሱ ተጭኗል። ረዳቱ የቦጋለችን ሦስት ሻንጣ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ አንዱ ይቀራል። ቦታ የለም።»

ቦጋለች ሃሊሞን አየቻት። ሃሊሞ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች።

«ዶሮዬን!» ብላ ጮኸች ቦጋለች። «ኧረ ዶሮዬን!»

ረዳቱ ደነገጠ፣ ሹፌሩ ወረደ፣ ተሳፋሪው በወንበሩ ሥር ዶሮ ፍለጋ አጎነበሰ። ሃሊሞ ሻንጣውን ፈትታ፣ ድስቱን ለነህምያ በመስኮት፣ ብርድ ልብሱን ለአባቱ፣ ጣፋጩን ሙሸበክ ለእናቱ አቀበለች፤ ባዶው ሻንጣ ተጣጥፎ በቦጋለች ብብት ሥር ገባ። ረዳቱ ሲገባው ሳቁን መያዝ አቃተው። «ግቡ በቃ፣ ግቡ!»

አውቶቡሱ ተነሣ። ቦጋለች ግማሽ አካሏ በመስኮት ወጥቶ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ሃሊሞ! ምራቂዬስ?» አለች።

ሃሊሞ ከትከሻዋ ላይ ሽቲዋን ገፈፈችና ወረወረችላት። ያቺ ስስ ጨርቅ በነፋስ ተንሳፍፋ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቦጋለች በአንድ እጇ ቀለበቻት።

ሲመለሱ ጦልሃ ባጃጁን ይነዳል፤ አያትና የልጅ ልጅ ከኋላ ናቸው። ከዚያ ፋርሂያ ራሷን አያቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«አዬዮ፣ ሁለተኛ ጨዋታ አለ። ነህምያ ከሐዋሳ ሆኖ በስልክ ምክር ይሰጣል። ግን አንድ ሰው ጎደለን፤ ድግምተኛ።»

«ድግምት አልሠራም ብያለሁ።»

«እሺ ተዪው» አለች ፋርሂያ። «በዚህኛው ግን ገበያው ትልቅ ነው። ሃያ ነጋዴ አለበት።»

ሃሊሞ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ጦልሃ» አለች፣ «ይሄ ባጃጅ አይፈጥንም?»